ከፎገራ ሩዝ ምን እንማራለን?

ድሃ አገር የሚያድገው በመንግሥት ዕቅድ ነው ወይስ በገበያ? ተማሪዎቼ ደጋግመው ለሚያነሡት ለዚህ ጥያቄ ፎገራን ምሳሌ አድርጌ እመልሳለሁ።

ርብና ጉማራ በየክረምቱ የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ ይታወቅ የነበረው በከብቱ ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝን ለጅግናና ለሻጋ የአምራቾች ማኅበራት አስተዋወቁ። በ1982 ዓ.ም. ደርግ ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጅ እንዲህ ያሉት ማኅበራት በየቦታው ፈረሱ። ሩዙ ግን አልጠፋም፤ «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዘር የማኅበሩን ስም እንደያዘ ከገበሬ ወደ ገበሬ ተዛመተ። ገበሬው በገዛ ማሳው፣ ለገዛ ጥቅሙ ሲዘራው፣ ሰብል ያበላሽ የነበረው ውኃ ሀብት ሆነ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ወልድያ የሚገነጠልባት ወረታም የሩዝ መፈልፈያዎችና የነጋዴዎች ከተማ ለመሆን በቃች።

እንግዲህ ዘሩን ያስመጣው መንግሥት፣ ያስፋፋው ገበሬ፣ ለገበያ ያበቃው መንገድ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ባልቆመ ነበር።

አገራችን ዛሬም ሩዝ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች። በመሆኑም ዕቅድ አውጪዎቻችን «ስንት ሄክታር ይታረስ?» ከማለታቸው በፊት፣ «ገበሬው በፈቃዱ ዘርቶ፣ በፈቃዱ ይሸጣል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው እላለሁ።