የማነጣጠሪያ መነጽር ማሰሪያ፦ ስምና ልክ

አንድ ያገለገለ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ስሙም አብሮት ይተላለፋል፤ ልኩ ግን ተለውጦ ሊገኝ ይችላል። ይህ ለሙያዊ ቃላት አሰያየም የሚያስከትለውን ችግር፣ በጠመንጃ ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር የሚታሰርባቸውን ዕቃዎች ታሪክ ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን።

ዊልያም ራልፍ ዊቨር የተባለ አሜሪካዊ በ1930 እ.ኤ.አ. መነጽር የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። የድርጅቱ ማሰሪያ በአዳኞች ዘንድ ስለ ተስፋፋ «ዊቨር» የሚለው የሰው ስም ውሎ አድሮ የዕቃው ዓይነት መጠሪያ ሆነ። ቃሉ በእንግሊዝኛ «ሸማኔ» ማለት በመሆኑ፣ ታሪኩን ያላወቀ ተርጓሚ ሊሳሳትበት ይችላል። በዊቨር መቀመጫ ላይ አግድም የተቆረጡት ቦዮች ስፋት 4.57 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ወጥ አልነበረም። በ1995 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር ለዚህ ዓይነቱ ማሰሪያ ደረጃ ሲያወጣ የቦዩ ስፋት 5.23፣ ከቦይ መሐል እስከ ቦይ መሐል ያለው ርቀት 10.01 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ተወሰነ። ይህም በኒው ጀርዚ ባለው የጦር መሣሪያ ተቋም ስም «ፒካቲኒ» ተባለ።

ከዚህ የተነሣ አሮጌው የዊቨር ቀለበት ብዙውን ጊዜ በፒካቲኒ ሐዲድ ላይ ይገጥማል። ለፒካቲኒ የተሠራው ቀለበት ግን አግድም ብሎኑ ወፍራም ስለ ሆነ በዊቨር ቦይ ውስጥ ላይገባ ይችላል። ሁለቱንም በደፈናው «ማሰሪያ» ብሎ የሚያልፍ ትርጉም ይህን ልዩነት ይሰውረዋል። ስለዚህ «ማሰሪያ» ለጠቅላላው ዕቃ፣ «መቀመጫ» በጠመንጃው ላይ በብሎን ለሚጣበቀው ክፍል፣ «ሐዲድ» ተከታታይ ቦዮች ላሉት ረጅም መቀመጫ፣ «ቀለበት» መነጽሩን ለሚያቅፈው ክፍል ቢመደቡ የተሻለ ነው እንላለን። «ዊቨር» እና «ፒካቲኒ» ግን ሳይተረጐሙ ይቀመጡ።

የጥገና መመሪያም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። ያገለገለ ብሎን ዳግመኛ ከመታሰሩ በፊት ጥርሱ ከደረቀ ማጣበቂያና ከዘይት ይጸዳል፤ ከዚያም በተወሰነ የጥምዘዛ ኃይል ይጠብቃል። የአሜሪካ መመሪያዎች ይህን ኃይል በኢንች-ፓውንድ ይገልጻሉ። ተርጓሚው «ፓውንድ» ብቻ ብሎ ቢተወውና አንባቢው ጫማ-ፓውንድ ነው ብሎ ቢረዳው፣ ኃይሉ 12 እጥፍ ይሆናል፤ ብሎኑ ይበጠሳል ወይም የመነጽሩ ቱቦ ይጨፈለቃል።

እንግዲህ በዚህ መስክ አቻ ቃል ማግኘት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ስሙ ከነልኩ ካልተመዘገበ፣ መዝገበ ቃላቱ አንባቢውን ከመርዳት ይልቅ ያሳስተዋል።