ሰፊው ጨርቅ አልቆበት ነው?

ቶንጎ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስልካችን ላይ ያለች ፎቶ ስናይ፣ ከኋላችን አንገቱን ያሰገገ ልጅ «ሰፊው ጨርቅ አልቆበት ነው?» አለን። እናላችሁ ጠረጴዛችን ባንዴ ተከበበ። ጋዜጠኝነት ስንማር የለመድነው መጠየቅ እንጂ መጠየቅን አይደለምና ተንተባተብን።

ፎቶዋ የደርቡሾች ጅባ ናት። ሰፋ ያለ የጥጥ እጀ ጠባብ፣ ደረትና ጀርባው ላይ ጥቁር፣ ሰማያዊና ቀይ እራፊ የተለጠፈበት። «የጦር ልብስ ነው» ስንል አንድ አባባ «ጠላት በሳቅ እንዲሞት ነዋ!» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1873 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ መሐመድ አሕመድ «መህዲ ነኝ» ብሎ በቱርክና ግብጽ አገዛዝ ላይ ሲነሳ፣ ተከታዮቹ ድሎትን ንቀው እንደ ደሃ የተጣፈ ልብስ እንዲለብሱ አዘዘ። ሀብታሙም ደሃውም አንድ እንዲመስል ነው። (ደርቡሽ መባሉንም አልወደደውም፤ «አንሳር» በሉ ነው ያለው። እኛ ግን እስከ ዛሬ ደርቡሽ እንላለን።) ኋላ ድሉ ሲበዛ እራፊው ማዕረግ ሆነ። ምንም ባልተቀደደ አዲስ ጨርቅ ላይ ግራና ቀኙ ተለክቶ፣ አምሮ ይሰፋ ጀመር። ልጁ አልገባውም። የራሱን ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ አሳየነውና «ይሄንን አዲስ ሆኖ ነው የገዛኸው ወይስ ቀደኸው?» ስንለው ገባው። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ!

በነሐሴ 1890 እንግሊዞች ኦምዱርማን ላይ መህዲስቶቹን ሲደመስሱ ብዙ ጅባ ለማስታወሻ ይዘው ሄዱ። ከሞተ ሰው ላይ የተገፈፈም አለበት። ዛሬ ሙዚየሞቻቸው ውስጥ ተሰቅሏል።

ከዚያ በፊት ግን ባለ እራፊዎቹ ወደኛ መጥተዋል። በ1880 ጎንደርን አቃጠሉ፤ በጥቅምት 1881 ወለጋ ጉተ ዲሊ ላይ ከራስ ጎበና ጦር ጋር ተዋጉ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ቤኒሻንጉል መሃል ላይ ነበረች። የነሼህ ሆጀሌ አገር አንዴ ለኦምዱርማን ሲገብር፣ አንዴ ሲዋጋ ቆይቶ በ1890 የራስ መኮንን ጦር ደረሰ።

ይሄኔ እኚያው አባባ «የኛዎቹስ ምን ለብሰው ነበር?» አሉን። ለምድ ነው፣ ጀግና የተባለው ደግሞ የአንበሳ ጎፈር አልን። ልጆቹ ይሄ ከእራፊው የባሰ ነው ብለው ሳቁ።

አባባ አልሳቁም። «ወርቁንና ባሪያውን የወሰደው የትኛው ነው? ባለ እራፊው ነው ባለ ጎፈሩ?»

ሁለቱም፣ አልናቸው።