የግመል ሳፋሪ በሰሜን ኬንያ
በሰሜን ኬንያ፣ በሳምቡሩና በላይኪፒያ የሚካሄደው የግመል ሳፋሪ ስሙ ቢያሳስትም በአብዛኛው የእግር ጉዞ ነው። ግመሎቹ ድንኳን፣ ውሃና ስንቅ ይሸከማሉ፤ እንግዳው የሚቀመጥባቸው ሲደክመው ነው። ጉዞው በማለዳ ተጀምሮ ፀሐይ ከመክረሯ በፊት ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ጥላ መፈለግ እንጂ ጀግንነት አያዋጣም። የተጠማ ግመል ውሃ ሲያገኝ 100 ሊትር ገደማ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሊጠጣ ይችላል።

ሳምቡሮች ከጥንት የሚታወቁት በከብት አርቢነት ነው፤ በግመል እርባታ የቆዩት ጎረቤቶቻቸው ሬንዲሌዎች ናቸው። እ.አ.አ. ከ2020 እስከ 2023 በዘለቀው ድርቅ ግን አምስት ወቅት በተከታታይ በቂ ዝናብ ሳይጥል ቀርቶ ከብቱ በገፍ አለቀ። ላሞች በነጠፉበት ወራት ለልጆች ወተት የምትሰጠው ግመል ናት።