«የሲሚንቶው ባሲል»፦ የኤትሪንጋይት ታሪክ

በምዕራብ ጀርመን፣ ከራይን ወንዝ ወዲያ ማየን በተባለችው ከተማ ዙሪያ ያለው ምድር በእሳተ ገሞራ የተገነባ ነው። የቤለርበርግ እሳተ ገሞራ ካፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ወፍጮ ሲጠረብበት ኖሯል። ቅልጡ ከከርሠ ምድር ሲወጣ በመንገዱ ያገኘውን የኖራ ድንጋይ ስባሪ እየጠለፈ ይዞ ወጣ፤ ስባሪውም በግለቱ ተጠብሶ ባሕርዩን ለወጠ። ሁሉም ከቀዘቀዘ በኋላ ሰልፌት ያዘለ ውሃ በስንጥቁ ሰርጎ ከተጠበሰው ኖራና ከአሉሚናው ጋር ሲዋሐድ፣ መርፌ የመሰሉ ቀለም የለሽ ክሪስታሎች በድንጋዩ ጉድጓዶች ውስጥ በቀሉ። ሌማን የተባለ ጀርመናዊ በ1874 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ማዕድኑን መርምሮ ገለጸው። ስሙንም ያገኘው በአጠገቡ ካለችው ከኤትሪንገን መንደር ነው።

ኤትሪንጋይት ካልሲየም፣ አሉሚኒየምና ሰልፌት በውሃ የተሳሰሩበት ማዕድን ነው። በአንድ ቀመር ውስጥ 32 የውሃ ሞለኪውል ስለሚቆጠርበት ከክብደቱ ከመቶ 46 ያህሉ ውሃ ነው ማለት ይቻላል። እፍግታው ከ1.8 አይበልጥም፤ በጥፍር ሊጫር የሚችል ልስልስ ነገር ነው። ሙርና ቴይለር በ1970 የክሪስታሉን አሠራር ባስረዱ ጊዜ፣ ካልሲየሙና አሉሚኒየሙ እንደ ዓምድ ቀጥ ብለው እንደሚቆሙ፣ ሰልፌቱና ከፊሉ ውሃ ደግሞ በዓምዶቹ መካከል ባለው ቦይ እንደሚቀመጡ ታወቀ። ማዕድኑ በተፈጥሮ ብርቅ የሆነበት ምክንያትም ግልጽ ነው። እንዲበቅል እጅግ አልካላይን የሆነና ኖራ የጠገበ ውሃ ያሻዋል፤ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። በደቡብ አፍሪካ የካላሃሪ ማንጋኒዝ ማዕድን ማውጫዎች ያማሩ ክሪስታሎች ቢገኙም፣ እንዲህ ያለ ስፍራ በዓለም ላይ ጥቂት ነው።

ነገር ግን ተፈጥሮ የነፈገችውን ውሃ ሰው ራሱ አዘጋጅቶ ኖሯል። ጆሴፍ አስፕዲን በ1824 በእንግሊዝ አገር የፖርትላንድ ሲሚንቶን ፈቃድ ካወጣ ወዲህ በየወደቡና በየግድቡ የተደፋው አርማታ ሁሉ በውስጡ የያዘው ውሃ ኖራ የጠገበ ነበር። ፈረንሳዊው ካንድሎ በ1890 ሰልፌትና የሲሚንቶ አሉሚኔት ሲገናኙ የሚወለደውን ጨው ለይቶ አወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ቪልሄልም ሚካኤሊስ ያንኑ ጨው አርማታን ከውስጥ የሚሰነጥቅ ተባይ አድርጎ በመመልከት «የሲሚንቶ ባሲል» አለው። ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባሲል ያገኘው በ1882 ነበርና፣ ቃሉ በዘመኑ ሰው ጆሮ ምን ያህል ያስደነግጥ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ስሙ የሚማርክ ቢሆንም ፍትሐዊ አልነበረም። የክሊንከሩ አሉሚኔት ብቻውን ከውሃ ጋር ቢገናኝ ልቁጡ በደቂቃዎች ውስጥ ደርቆ ለሠራተኛ አይመችም። ስለዚህ በፋብሪካ ክሊንከሩ ሲፈጭ ጥቂት ጀሶ ይጨመርበታል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትም ጀሶው ከአሉሚኔቱ ጋር ኤትሪንጋይት እየሠራ ጥድፊያውን ይገታዋል። እንግዲህ ጤናማ የሆነው አርማታ ሁሉ ይህንኑ «ባሲል» ይዞ ይወለዳል። ልቁጡ ገና ለስላሳ ሳለ የበቀለው መርፌ ማንንም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው አርማታው ከጠነከረ በኋላ ሰልፌት ከአፈር ወይም ከከርሠ ምድር ውሃ ሰርጎ፣ መርፌው በጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ እንደገና ሲበቅልና ግድግዳውን ሲገፋ ነው።

በደቡብ ፈረንሳይ የባቡር መስመር ሥራ ላይ ይህ ጉዳት ጸንቶ ስለታየ የላፋርዥ ኩባንያው ዡል ቢየ መፍትሔ ሲፈልግ ቆይቶ በ1908 የአሉሚና ሲሚንቶን አስመዘገበ። ሲሚንቶው ሰልፌትን በሚገባ ይቋቋም ነበር። ሆኖም ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው የውስጥ ክሪስታሎቹ እየተለወጡ ጥንካሬው ይቀንሳል። በ1973 እና በ1974 ለንደን ውስጥ በሁለት ትምህርት ቤቶች፣ በዚህ ሲሚንቶ በተሠሩ የጣራ ተሸካሚዎች ላይ የደረሰው መደርመስ የእንግሊዝን መሐንዲሶች ክፉኛ አስደንግጧል።

የተሻለው መንገድ የተጠረገው በካናዳ ሜዳ ነው። በሳስካችዋን ያለው አፈር ሶዲየምና ማግኒዚየም ሰልፌት የጠገበ በመሆኑ መሠረቶችና የፍሳሽ ቱቦዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይፍረከረኩ ነበር። አይስላንድ ተወልዶ በሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የሆነው ቶርበርጉር ቶርቫልድሶን በ1920ዎቹ የሲሚንቶ ሞርታር ዘንጎችን በሰልፌት ውሃ እየነከረ መስፋፋታቸውን በትዕግሥት ለካ። ከሥራው ፍሬዎች አንዱ የአሉሚኔት መጠን ዝቅ ያለበት ሲሚንቶ ጸንቶ እንደሚቆም መረጋገጡ ነው። በኋላ በአሜሪካ ደረጃ «ዓይነት አምስት» የተባለው ሲሚንቶ ከትሪካልሲየም አሉሚኔት ከመቶ 5 በላይ እንዳይዝ የተወሰነው በዚሁ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያም የዓባይ ሸለቆ ግድግዳ በጎሐ ጽዮን በኩል ወፍራም የጀሶ ንብርብር ስለሚያሳይ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌላ በሽታ ታየ። አርማታው ገና ሲደርቅ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ ኤትሪንጋይቱ ይፈርሳል፤ ሰልፌቱ በልቁጡ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና እርጥበት ሲያገኝ ከዓመታት በኋላ እንደገና ይበቅላል። በእንፋሎት ተፋጥነው የደረቁ የባቡር ሐዲድ አግዳሚዎች በ1980ዎቹ በአውሮፓ በዚህ ምክንያት ተሰነጣጥቀዋል። ከውጭ የገባ ሰልፌት ሳይኖር አርማታው በራሱ ስንቅ መታመሙ ለብዙዎች እንቆቅልሽ ነበር።

መስፋፋቱን ለጥቅም ያዋሉትም አልጠፉም። ፈረንሳዊው አንሪ ሎሲየ በ1930ዎቹ፣ አሌክሳንደር ክላይን ደግሞ በ1950ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ አርማታ ሲደርቅ የሚያሳየውን መኮማተር በኤትሪንጋይት እድገት የሚያካክስ ሲሚንቶ ሠርተዋል። ቻይና በ1970ዎቹ ባዳበረችው የሰልፎአሉሚኔት ሲሚንቶ ደግሞ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚገኘውን ጥንካሬ የሚሰጠው ያው የሚካኤሊስ «ባሲል» ነው።