ከፖርሴሊን ሻማ እስከ ፋብሪካ ፍሳሽ

ፈረንሳዊው ሻርል ሻምበርላን እ.ኤ.አ. በ1884 የፖርሴሊን ማጣሪያውን ሲያቀርብ ዓላማው ውሃን አሳልፎ ባክቴሪያን ማስቀረት ነበር። ይሁን እንጂ በ1892 ሩስያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ በዚሁ ማጣሪያ ካለፈ በኋላም በሽታውን እንደሚያስተላልፍ አሳየ። የማጣሪያው ወሰን መታወቁም ለቫይረስ ጥናት በር ከፈተ።

በ1970ዎቹ ደግሞ ፈረንሳይ በትሪካስተን ለተቋቋመው የዩራኒየም ማበልጸጊያ ቀዳዳቸው እጅግ የረቀቀ የሴራሚክ ቱቦዎችን በብዛት አሠራች። የዚህ ፋብሪካ ፍላጎት ከተሟላ በኋላ የተገኘው ዕውቀት በ1980ዎቹ ወደ ሌሎች ኢንዱስትሪዎች ዞረ፤ ይኸውም በመጀመሪያ ወደ ወተትና ወይን ጠጅ፣ ቀጥሎም ዘይት ወደ ተቀላቀለበት የፋብሪካ ፍሳሽ ነው። አሉሚናና ዚርኮኒያ ሙቀትን፣ አሲድንና ብርቱ ማጠቢያን ስለሚችሉ፣ ከፕላስቲክ የተሠራው ማጣሪያ በማይዘልቅበት ሥፍራ ይዘልቃሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው።

የኢቫኖቭስኪ ትምህርት ዛሬም አልተሻረም። በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ የሟሟ ክሮሚየም አስቀድሞ በኬሚካል ወደ ዝቃጭ ካልተለወጠ፣ ከጠራው ውሃ ጋር በቀዳዳው ያልፋል። ተይዞ የቀረውም ዝቃጭ የራሱን ማስወገጃ ይሻል። ማጣሪያ መርዝን ይለያል እንጂ አያጠፋም፤ የጠራ ሁሉም ንጹሕ አይደለም።