ጥፍሩ ነው ወይስ ጫማው?

በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጥፍሩ ሥጋው ውስጥ ገብቶ እያነከሰ ፓሪስ ኦቴል ዲዩ ሆስፒታል የደረሰ ሰው፣ የሚጠብቀውን ቢያውቅ እያነከሰ ቤቱ ይመለስ ነበር። የዋናው ቀዶ ሐኪም የጊዮም ዱፑይትረን ዘዴ አጭር ነው፦ የመቀሱን ሹል ጫፍ በአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ሰዶ መሐል ለመሐል ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ የታመመውን ግማሽ በጉጠት ይዞ እየጠመዘዘ ይነቅለዋል። ማደንዘዣ የለም። ኤተር ለቀዶ ሕክምና እንደሚሆን በአደባባይ የታየው በ1846 ሲሆን፣ ዱፑይትረን ያኔ ከሞተ 11 ዓመት ሆኖታል።

ያ ሁሉ ጩኸት ብዙ ጊዜ ከንቱ ነበር። ማብቀያው ከቆዳ ሥር እስካለ ድረስ ጥፍሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ ጠርዙም ያንኑ ቦታ ይወጋል።

የሚገርመው ግን ከዱፑይትረን 800 ዓመት ገደማ በፊት የኮርዶባው ቀዶ ሐኪም አል-ዛህራዊ የተሻለ ርኅራኄ ማሳየቱ ነው። የጥፍሩን ጠርዝ በቀጭን መሣሪያ ቀና ያደርግና በላዩ ያበጠውን ሥጋ በቀስታ ይቆርጣል።

ለንደን ላይ ደግሞ የእግር ነገር ለረጅም ጊዜ የተተወው ምላጭ ይዘው ለሚዞሩ ባለሙያዎች ነበር። ከሙያው ሰዎች አንዱ ሉዊስ ዱርላከር የንግሥት ቪክቶሪያን እግር እስከመንከባከብ ደረሰ፤ በ1845ም ስለ ጥፍር ሕመምና ስለ እግር አያያዝ መጽሐፍ አሳተመ።

ጫማ ሰፊውን የከሰሰው የዙሪኩ የአናቶሚ ሊቅ ሄርማን ፎን ማየር ነው። በዚያ ዘመን ግራና ቀኙ የማይለይ ጫማ ገና ከገበያ አልጠፋም። ማየር በ1858 እንደጻፈው፣ ከአውራ ጣት መሐል የተነሳ መስመር ቀጥ ብሎ ተረከዝ መሐል ላይ ማረፍ አለበት፤ አፍንጫው የሾለ ጫማ ግን ጣቱን ገፍቶ ያጣምመዋል። የተጨቆነ ሥጋ ጥፍር ላይ ይወጣል። ሰውየው ሕመሙን ለማስታገስ የጥፍሩን ማዕዘን አክብቦ ሲቆርጥ ደግሞ እሾህ የመሰለ ስባሪ ውስጥ ይቀራል፤ ጥፍሩ ባደገ ቁጥር ስባሪው ወደፊት እየገፋ ይሰነቀራል።

በ1945 ኦቶ ቦል የተባለ የእግር ሕክምና ባለሙያ የጥፍሩን ማብቀያ ለማቃጠል ፌኖልን አዋለ። ፌኖል ማለት ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር በ1860ዎቹ ቁስል እንዳይመረቅዝ የተጠቀመበት ካርቦሊክ አሲድ ነው። በ1959 ቫንደንቦስና ባወርስ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ክሱን ገለበጡት፦ ጥፍሩ ንጹሕ ነው፣ የበዛው ሥጋ ይቆረጥ አሉ። አል-ዛህራዊ ቢሰማ ፈገግ ይል ነበር።

ዛሬ በብዙ ክሊኒኮች የሚሠራው የቦል መንገድ ነው። ጣቱ በመርፌ ይደነዝዛል፣ ከጥፍሩ ጎን ቀጭን ፈትል ተቆርጦ ይወጣል፣ ጠርዙ ዳግም እንዳይበቅልም ፌኖል የነካ ጥጥ ማብቀያው ላይ ይደረጋል። ታካሚው በዚያው ቀን፣ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ በነጠላ ጫማ ቤቱ ይገባል።