«ታሪክና ምሳሌ»ን በቃሉ የያዘ ትውልድ፦ የአንድ ተከታታይ መጽሐፍ የንባብ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ በልጅነቴ ስለ ወደድሁት ተከታታይ መጽሐፍ ነው። ከበደ ሚካኤል በሦስት መጽሐፍ ያቀረቡት «ታሪክና ምሳሌ» ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት በትምህርት ቤቶቻችን በሰፊው ሲነበብ የኖረ ሥራ ነው። በ1909 ዓ.ም. ተወልደው በ1991 ዓ.ም. ያረፉት ደራሲ ፈረንሳይኛ ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ በከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊነት ያገለገሉ፣ የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልየት» ለአማርኛ አንባቢ ያበረከቱ ሰው ነበሩ። ስለ ግጥሞቻቸው ውበት ብዙ ተብሏል። የታሪክ መምህር እንደመሆኔ የማነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይህን መጽሐፍ ማን አነበበው? እንዴትስ አነበበው?

ለጥያቄው ራሴን እንደ አንድ ምስክር ላቅርብ። ልጅነቴ ያለፈው በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ነው። በቤታችን የነበረው የመጀመሪያው መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ ታላቅ እኅቴ የተማረችበት፣ ሽፋኑ የወለቀ። ሁለተኛውን ከጎረቤት ተውሰን በደብተር ገለበጥነው። ሦስተኛውን ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ በዓይኔ አላየሁትም። ይሁን እንጂ በውስጡ ያሉትን ብዙዎቹን ታሪኮች አውቃቸው ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን እኅቴ ጮክ ብላ ስታጠና እየሰማች ግጥሞቹን በቃሏ ይዛቸው ነበር። ማታ ማታ ሳንደናቀፍ ለመውጣት ስንፎካከር፣ የሳትነውን የምታርመን እርሷ ነበረች።

መጽሐፉን በኋላ ሳገኘው ከእናቴ ቃል ጋር አመሳከርሁት። አንዳንዱን ስንኝ አሳጥራዋለች፤ አንዳንዱን በአገሯ አነጋገር ለውጣዋለች፤ ምክሩን ትታ ታሪኩን ብቻ ያስቀረችበትም ነበር። በማተሚያ ቤት መዝገብ ብንሄድ እናቴ ከአንባቢያን ቍጥር አትገባም። ለእኔ ግን የመጽሐፉ የመጀመሪያ መምህሬ እርሷ ናት። እንግዲህ የኅትመት ብዛት ብቻውን የዚህን መጽሐፍ ታሪክ ሊነግረን አይችልም።

ሁለተኛው ነጥቤ ትርጓሜን ይመለከታል። «አዝማሪና የውሃ ሙላት» የተባለውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ወንዝ ሞልቶበት መሻገሪያ ያጣ አዝማሪ ከዳር ሆኖ ውሃው እንዲጎድልለት በመሰንቆ ያወድሰዋል። አንድ መንገደኛም የሰማው ውሃ አልፎ እንደ ሄደ፣ የሚመጣውም ገና እንዳልሰማው ያስረዳዋል። እኅቴ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተማረችው የሞኝነት ምሳሌ ተደርጎ ነበር። አባቴ ግን በደርግ ዘመን አንድ ጉዳይ ይዞ በአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ለወራት ተመላልሷል። ኃላፊው በተቀየረ ቍጥር ወደ ቤት ሲመለስ «ይኼኛውም ውሃ አልሰማኝም» ይለን ነበር። እኛም ልጆቹ ከዚያ በኋላ በአዝማሪው አልሳቅንም።

ቃሉ አልተለወጠም፤ አንባቢው የቆመበት ዳር ግን ተለውጧል። ደራሲው ራሳቸው ደጅ ጥናት ልማድ በነበረበት ሥርዓት ውስጥ ያገለገሉ ባለሥልጣን መሆናቸውን ስናስብ፣ የአባቴ ንባብ ከጽሑፉ የራቀ አይመስለኝም። ሰዎች በግልጽ መናገር በማይችሉበት ጊዜ፣ ሁሉም በቃሉ የሚያውቀው የልጆች መጽሐፍ የጋራ መነጋገሪያ ቋንቋ ይሆናቸዋል። በጽሑፍ ያልሰፈረ የሕዝብ አስተያየት ለሚፈልግ ተመራማሪ ይህ ቀላል ምንጭ አይደለም።

ችግሩ ምንጩ በሰው አእምሮ ውስጥ መኖሩ ነው። መጽሐፉ በቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ እንደገናም ሊታተም ይችላል። በእናቴ አፍ የነበረው «ታሪክና ምሳሌ» ግን ከእርሷ ጋር ዐርፏል፤ የቀረው እኔና እኅቴ የምናስታውሰው ብቻ ነው። ግጥም በቃል በመያዝ የተማረው ትውልድም እያረጀ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ አንድ ሥራ ልስጥ። በዚህ ዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት አረጋዊት ከዚህ መጽሐፍ የሚያስታውሱትን እንዲሉላችሁ ጠይቁ። መጽሐፉን ገልጣችሁ አታርሟቸው፤ እንዳሉት ቅዱት። ከማን እንደ ሰሙት፣ መቼና በምን ጉዳይ ይጠቅሱት እንደ ነበር ጻፉ። ከመጽሐፉ ጋር ማመሳከሩን ስትመለሱ አብረን እናደርገዋለን።